መግቢያ ስታትስቲክስን ፎርሙላ ሳይሸመድዱ እንዴት ማጥናት ይቻላል?

የመጀመሪያውን የስታትስቲክስ ሚድ ስፈተን ቫሪያንስ (ቁጥሮች ምን ያህል እንደተራራቁ የሚለካ) አስልቼ መልሱ ኔጋቲቭ 14 መጣ። ካልኩሌተሩን ሁለቴ ደግሜ ነካካሁት፤ ያው ነው። ጽፌው አስረከብኩ። ወረቀቱ ሲመለስ አጠገቡ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ትልቅ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተቀምጧል። ቫሪያንስ እኮ የስኴር ቁጥሮች ድምር ተካፍሎ የሚገኝ ነው፤ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ምንም መንገድ የለም። ፎርሙላውን እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ። ምን እያሰላሁ እንደሆነ ብትጠይቁኝ ነው መልስ የሌለኝ።

ይሄን የምጽፈው ኮርሱን ገና ለምትጀምሩ፣ ወይም ጀምራችሁ መሃል ላይ ለጠፋባችሁ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ሂዱ። ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን በለብለብ እለፉትና 6ኛውን ግን እንዳትዘሉት።

1. ኮርሱን መጀመሪያ ከላይ ሆናችሁ እዩት

ኮርስ አውትላይኑን አውጡና በእርሳስ ሦስት ቦታ ክፈሉት። የመጀመሪያው ክፍል ዳታን መግለጽ ነው፤ ሚን፣ ሚዲያን፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ግራፍ። ሁለተኛው ፕሮባቢሊቲ ነው። ሦስተኛው ከትንሽ ሳምፕል (ከተመረጡ ጥቂቶች) ተነስቶ ስለ ትልቁ ፖፑሌሽን (ስለ ጠቅላላው) መናገር ነው፤ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል፣ ሃይፖቴሲስ ቴስት፣ ሪግሬሽን።

የመጀመሪያው ክፍል ሲበዛ ይቀላል። አደጋውም እሱ ነው። "ይሄማ የሃይስኩል ነገር ነው" ይባልና ክላስ መፎረፍ ይጀመራል። ከዚያ አንድ ቀን ስትመለሱ መምህሩ ሰሌዳው ላይ "ሳምፕሊንግ ዲስትሪቢውሽን" የሚል ነገር ጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ከዚያች ቀን በኋላ የሚመጣው ሁሉ እሱ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ያኔ ያልያዘው ሰው የቀረውን ሴሚስተር በሽምደዳ ነው የሚገፋው። ያን ሳምንት ከአሁኑ አክብቡት።

ሒሳቡን ብዙ አትፍሩት። መደመር፣ ማካፈልና ስኴር ሩት ካወቃችሁ አብዛኛው ይሄዳል። ያቺ የምታስፈራ የሲግማ ምልክት "ደምር" የምትል ትእዛዝ ናት፤ ሌላ ምሥጢር የላትም።

2. ቁጥሩን ከመንካታችሁ በፊት ዳታውን ጠይቁት

አንዱ ረድፍ የሚወክለው ማንን ነው? አንድ ሰው? አንድ ቀን? አንድ ፋብሪካ? ቀጥሎ፣ እያንዳንዱ ዓምድ ቁጥር ነው ወይስ ምድብ? በቁጥር የተጻፈ ሁሉ ቁጥር አይደለም። የመታወቂያ ቁጥሮችን አማካይ ማውጣት ትችላላችሁ፣ ካልኩሌተሩ አይቃወማችሁም፣ የሚወጣው ነገር ግን ትርጉም የለውም። ክብደት ቁጥር ነው። የደም ዓይነት ምድብ ነው። "ከ1 እስከ 5 ደረጃ ስጡ" የሚለው መጠይቅ ደግሞ መሃል ላይ ነው፤ እሱ ላይ ምሁራኑም ስለሚከራከሩ ለፈተናው መምህራችሁ ያለውን ተከተሉ። ይሄ ልየታ አሁን የልጆች ጨዋታ ይመስላል። በኋላ የትኛውን ቴስት እንደምትጠቀሙ የሚወስነው ግን እሱ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ዳታው እንዴት ተሰበሰበ? እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ማን ፕሬዚዳንት እንደሚሆን ለመገመት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች መጠይቅ ላከ። 2.4 ሚሊዮን ያህሉ መለሱ። ያን ያህል ሳምፕል ይዞ አልፍ ላንደን ያሸንፋል አለ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። አድራሻዎቹ በብዛት የተሰበሰቡት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር፤ በዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ሁሉም ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ መልስ የላከው ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ነው። ጠማማ ሳምፕል ስለበዛ አይቃናም።

3. አምስት ቁጥር ይዛችሁ በእጅ ሥሩ

ሶፍትዌር አትክፈቱ። ወረቀት ላይ 2፣ 4፣ 4፣ 5፣ 10 ብላችሁ ጻፉ። ድምሩ 25 ነው፤ ለ5 ሲካፈል ሚኑ 5። ተደርድረው መሃል ላይ የተቀመጠው 4 ስለሆነ ሚዲያኑ 4። አሁን 10ን ሰርዙና በቦታው 100 ጻፉ። ሚኑ ወደ 23 ዘለለ። ሚዲያኑ ንቅንቅ አላለም። አራት ደመወዝተኞች ያሉበት ክፍል ውስጥ አንድ ቱጃር ሲገባ የሚሆነው ይሄው ነው፤ "አማካይ ገቢ" የሚል ነገር ስታነቡ የትኛው አማካይ እንደሆነ መጠየቅ የሚለመደው እዚህ ጋ ነው።

ወደ 10 ተመለሱ። እያንዳንዱ ቁጥር ከ5 ምን ያህል ይርቃል? ከ2 ስንጀምር፣ ኔጋቲቭ 3፣ ኔጋቲቭ 1፣ ኔጋቲቭ 1፣ 0፣ 5። ደምሯቸው። ዜሮ። በየትኛውም ዳታ ብትሞክሩት ሁሌም ዜሮ ነው። ስኴር የሚደረጉት ለዚህ ነው፤ እንዳይጠፋፉ። 9፣ 1፣ 1፣ 0፣ 25፤ ድምሩ 36። ይሄን ለ4 አካፍሉት፤ ቫሪያንሱ 9። ስኴር ሩቱ 3 ነው፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ማለት እሱ ነው። "ቁጥሮቹ ከ5 በተለምዶ 3 ያህል ይርቃሉ" ብላችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። እኔ ይሄን አንድ ጊዜ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ያ ኔጋቲቭ 14 ወረቀቴ ላይ ባልተቀመጠ።

ቁጥሮቹ አምስት ሆነው ሳለ ለምን ለ4? ርቀቱን የለካነው ከራሱ ከሳምፕሉ ሚን ነው። የሳምፕሉ ሚን ደግሞ ለራሱ ልጆች ያደላል፤ ከእውነተኛው የፖፑሌሽን ሚን ይልቅ ለእነሱ ይቀርባል። ስለዚህ መራራቁ ከእውነቱ አንሶ ይታያል፣ በአንድ ቀንሶ ማካፈል ደግሞ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። አራቱን ርቀት ካወቃችሁ አምስተኛው በግድ ይታወቃል፣ ምክንያቱም ድምሩ ዜሮ መሆን አለበት። "ዲግሪስ ኦቭ ፍሪደም" የሚሉት ይሄንን ነፃ የሆኑትን አራቱን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ብዙ ካልኩሌተር ላይ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሁለት ዓይነት ነው። በዚህ ዳታ ሞክሩት፤ 3 ካለ የሳምፕሉ ነው፣ 2.68 ካለ ለ5 እያካፈለ ነው። ኤክሴልም ሁለቱንም ይዟል። አር የሚባለው ሶፍትዌር ሳትነግሩት አንድ ቀንሶ ያካፍላል፤ የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋው ነምፓይ ደግሞ ካልነገራችሁት አይቀንስም። አንድ ዓይነት ዳታ ይዘው መልሳቸው የተለያየባቸው ጓደኛሞች ግማሽ ሌሊት ሲጨቃጨቁ አይቻለሁ። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

4. ሣሉት

ማንኛውንም ዳታ ከማስላታችሁ በፊት ሣሉት። አንድ ዓምድ ከሆነ ሂስቶግራም (ቁጥሮቹ የት እንደተከመሩ የሚያሳይ ግራፍ)፣ ሁለት ቁጥር ከሆነ ነጥብ በነጥብ። ፍራንሲስ አንስኮምብ የተባለ የስታትስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 አራት ትንንሽ ዳታዎች አሳተመ፤ እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ አላቸው። የአራቱም ሚን አንድ ነው፣ ኮሪሌሽናቸው (ሁለቱ ቁጥሮች አብረው የመሄዳቸው መለኪያ) ሁሉም ጋ 0.82 ገደማ ነው፣ በነጥቦቹ መሃል የሚሰመረው የሪግሬሽን መስመራቸውም ያው ነው። ሲሣሉ ግን አንዱ ደህና መስመር ነው፣ አንዱ ቅስት ነው፣ ሦስተኛው ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ አንድ ነጥብ ብቻ አፈንግጦበታል፣ አራተኛው ላይ አንዲት ብቸኛ ነጥብ መስመሩን ሁሉ ጎትታዋለች። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው አራቱንም አንድ ናቸው ብሎ ይምላል።

5. ፕሮባቢሊቲን በሰው ቁጠሩት

ካርድና ባለቀለም ኳስ ላይ፣ መምህራችሁ ካልወደደው በቀር፣ ሳምንት አታጥፉ። ልብ ልትሉት የሚገባው ኮንዲሽናል ፕሮባቢሊቲን ነው፤ አንድ ነገር ከታወቀ በኋላ የሌላው ዕድል ስንት ነው የሚለውን። እሱም በፐርሰንት ሲሆን ጭንቅላት ያዞራል፣ በሰው ሲሆን ይቀላል።

ይሄን ሥሩ። ከ100 ሰው አንዱ የሚይዘው በሽታ አለ። ምርመራው ከታመሙት 90 ፐርሰንቱን ያገኛል፤ ከጤነኞቹም 9 ፐርሰንቱን በስህተት "አለብህ" ይላል። አንድ ሰው ተመርምሮ "አለብህ" ተባለ። በእርግጥ የታመመ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? ብዙ ሰው 90 ይላል። አሁን 1000 ሰው አስቡ። 10ሩ ታማሚ ናቸው፣ ከእነሱ 9ኙ ይገኛሉ። 990ው ጤነኛ ናቸው፣ ከእነሱ 89 ያህሉ በስህተት ይያዛሉ። "አለብህ" የተባለው በጠቅላላ 98 ሰው ነው፣ በእውነት የታመመው 9። መልሱ 9 ፐርሰንት ገደማ ነው። ከዚህ በኋላ የቤይስን ፎርሙላ ብታዩት ይሄንኑ በምልክት የጻፈ መሆኑ ይገባችኋል።

6. አንድ ምሽት ዳይስ ወርውሩ

አይሳቅ። ባለ ስድስት ገጿን የሉዶ ዳይስ አግኙና ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 6 የሚሄድ መስመር አስምሩ። ዳይሷን አራት ጊዜ ወርውሩ። የወጡትን ሚን አውጡና በዚያ ቦታ አንድ ነጥብ አድርጉ። ለምሳሌ 6፣ 1፣ 3፣ 4 ከወጣ ሚኑ 3.5 ነው። 2፣ 2፣ 5፣ 1 ከወጣ 2.5። አንድ ነጥብ የአንድ ሳምፕል ሚን ነው እንጂ የአንድ ውርወራ ውጤት አይደለም፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህች ጋ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ጻፉት። ይሄን 30 ጊዜ ድገሙ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ከ10 ነጥብ በኋላ ምንም አይታይም። ወደ 20 ገደማ ነጥቦቹ 3.5 አካባቢ መከመር ይጀምራሉ። በ30ው ላይ ዳርና ዳሩ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ መሃሉ ጉብ ብሏል። እንግዲህ ዳይሷ ራሷ እንዲህ አይደለችም፤ 1ም 6ም 3ም እኩል ዕድል አላቸው፣ የእሷ ሥዕል ጠፍጣፋ ነው። ጉብታው ከየት መጣ?

ቁጠሩት። አራት ውርወራ 1296 ዓይነት አወጣጥ አለው። ሚኑ 1 እንዲሆን አራቱም 1 መሆን አለባቸው፤ ይሄ አንድ መንገድ ብቻ ነው። ሚኑ 3.5 እንዲሆን ግን ድምሩ 14 ይሁን እንጂ እንዴትም ቢመጣ ግድ የለም፤ ለዚህ 146 መንገድ አለ። ትልቁና ትንሹ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። "ሴንትራል ሊሚት ቴረም" የሚባለውና ሰው የሚሸመድደው ነገር የቆመው እዚህ ላይ ነው። የሳምፕሉ መጠን ሲያድግ የሚኖቹ ሥዕል የደወል ቅርፅ እየያዘ ይሄዳል፣ የመነሻው ዳታ ደወል ባይመስልም።

አሁን ስፋቱን እዩ። የአንድ ውርወራ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 1.71 ገደማ ነው። የአራት ውርወራ ሚኖች ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ደግሞ ይሄው ለስኴር ሩት 4 ተካፍሎ 0.85 ገደማ ነው። ይሄኛው የራሱ ስም አለው፤ ስታንዳርድ ኤረር። ጉልበት ካላችሁ በአራት ፈንታ 16 ጊዜ እየወረወራችሁ ሥሩት፤ ወደ 0.43 ይወርዳል። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ ዳታውን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል ማለት ነው፣ ዳታ መሰብሰብ የሚያስመርረውም ለዚህ ነው።

ወረቀቱን ከማስቀመጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ለይታችሁ ጻፉበት። ፖፑሌሽኑ ዳይሷ ናት። ሳምፕሉ አንዱ አራት ውርወራ ነው። ሳምፕሊንግ ዲስትሪቢውሽኑ የ30ው ነጥብ ሥዕል ነው። በእውነተኛ ሥራ ላይ ከ30ው ነጥብ የሚኖራችሁ አንዱ ብቻ ነው። ያቺ አንዷ ነጥብ ጉብታው መሃል ትሁን ዳር አታውቁም። የሚቀጥለው ምዕራፍ ሁሉ፣ አንድ ነጥብ ይዤ ስለማላየው ጉብታ ምን ልበል ነው ነገሩ።

7. 95 ፐርሰንትና ፒ-ቫልዩ

የ3ኛውን ደረጃ ዳታ አንሱና የ95 ፐርሰንት ኮንፊደንስ ኢንተርቫል እንሥራለት፤ እውነተኛው ሚን የት አካባቢ እንዳለ የሚገምት ክልል ማለት ነው። ሚኑ 5፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 3፣ ቁጥሮቹ 5። ስታንዳርድ ኤረሩ 3 ለስኴር ሩት 5፣ ማለትም 1.34። ከቲ ሰንጠረዥ በዲግሪስ ኦቭ ፍሪደም 4 የሚገኘው 2.776 ነው። ሲባዙ 3.72። ስለዚህ ኢንተርቫሉ ከ1.28 እስከ 8.72። ከአምስት ቁጥር ብዙ አትጠብቁ፤ ያቺ 10 ብቻዋን መቆሟም ዳታው ኖርማል (የደወል ቅርፅ ያለው) ነው የሚለውን ግምት ታስጠረጥራለች።

ለትልቅ ሳምፕል የሚያገለግለውን 1.96ን ትተን 2.776 የወሰድነው እውነተኛውን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ስለማናውቀውና ከትንሽ ሳምፕል ስለገመትነው ነው። የቲን ዘዴ ያወጣው ዊልያም ጎሴት ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1908 "ስቱደንት" በሚል የብዕር ስም አሳተመው። ሥራው ላይ የሚያገኘው ሳምፕል ትንሽ ትንሽ ነበር፣ እንደ እኛ።

95 ፐርሰንቱ የሚናገረው ስለ አሠራሩ ነው። እንዲህ ዓይነት ኢንተርቫል ከብዙ ሳምፕል ብንሠራ ከ100ው 95 ያህሉ እውነተኛውን ሚን ይይዙታል። የእኛ አንዱ ይዞት ይሆናል፣ ስቶት ይሆናል። "እውነተኛው ሚን በ1.28 እና በ8.72 መካከል የመሆን ዕድሉ 95 ፐርሰንት ነው" ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ነጥብ ትቀነሳላችሁ።

ለፒ-ቫልዩ ሳንቲም ይበቃል። አንድ ሳንቲም 10 ጊዜ ተወርውሮ 9 ጊዜ አንበሳ ወጣ እንበል። ሳንቲሙ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል ወይም ከዚህ የባሰ ያጋደለ ውጤት፣ በየትኛውም በኩል፣ የመምጣት ዕድሉ 22 ለ1024 ነው፤ 0.021 ገደማ። ፒ-ቫልዩው እሱ ነው። "ቢሆን ኖሮ" የምትለዋን አትጣሏት። ሳንቲሙ ጤነኛ የመሆኑ ዕድል 2 ፐርሰንት ነው ማለት አይደለም፤ ከኪሳችሁ ያወጣችሁት ተራ ሳንቲም ከሆነ አሁንም ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። የአሜሪካ ስታትስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 መግለጫ አውጥቶ ካስጠነቀቀባቸው ነገሮች አንዱ ይሄው መምታታት ነው፣ ስለዚህ ከተምታታባችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። ፒ-ቫልዩ ከእሷ ሲያንስ መነሻው ግምት የሚጣልባት 0.05 የምትባለው መስመርም ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እንደ አመቺ ቁጥር ያስለመዳት ናት እንጂ ከሰማይ የወረደች አይደለችም። 0.049 እና 0.051 ያን ያህል አይለያዩም።

8. ቴስቱን በጥያቄው ምረጡ

እዚህ 2ኛው ደረጃ ይከፍላችኋል። አንድ የቁጥር ዓምድ ከአንድ ከታወቀ ቁጥር ጋር ከተወዳደረ የአንድ ሳምፕል ቲ-ቴስት ነው። ሁለት የተለያዩ ቡድኖች በቁጥር ከተወዳደሩ የሁለት ሳምፕል ቲ-ቴስት። ቡድኖቹ ከሁለት ከበለጡ አኖቫ። ሁለቱም ዓምድ ምድብ ከሆነ ካይ-ስኴር። ሁለቱም ቁጥር ከሆነ ኮሪሌሽንና ሪግሬሽን።

ወጥመዱ ፔርድ (ጥንድ) የሚባለው ነው። "20 ሰዎች ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ተለኩ" ሲል ሁለት ቡድን ይመስላል፤ ሰዎቹ ግን ያው ናቸው። የእያንዳንዱን ሰው ልዩነት አውጡና በ20ው ልዩነት ላይ የአንድ ሳምፕል ቲ-ቴስት ሥሩ። ጥያቄው ውስጥ "በፊት"፣ "በኋላ"፣ "መንትያ"፣ "ያው ሰው" የሚል ቃል ፈልጉ።

ሪግሬሽን ላይ ስሎፑን (የመስመሩን ተዳፋት) ሁልጊዜ ከነመለኪያው በአረፍተ ነገር ጻፉት፤ "ጥናቱ በአንድ ሰዓት ሲጨምር ውጤቱ በአማካይ በ2 ነጥብ ከፍ ይላል" እንደማለት። ጨመረ ያልነው አንድ ላይ ስለሄዱ ነው፤ ሰዓቱ ነው ያመጣው ለማለት በዕጣ የተመደበ ሙከራ ያስፈልጋል።

9. ልምምዱና ፈተናው

የምዕራፍ መጨረሻ ጥያቄዎች ያታልላሉ፣ ምክንያቱም ምዕራፉ ራሱ መልሱን ይነግራችኋል። የቲ-ቴስት ምዕራፍ ውስጥ ያለ ጥያቄ በቲ-ቴስት ነው የሚሠራው፣ ምን ያሳስባል? ፋይናል ላይ ግን ማንም አይነግራችሁም። ስለዚህ ከየምዕራፉ ሁለት ሁለት ጥያቄ ብጣሽ ወረቀት ላይ ገልብጡና በውዙት፤ በየሳምንቱ ስድስት እያወጣችሁ፣ ሳታሰሉ፣ የትኛው ቴስት እንደሆነና ለምን እንደሆነ ብቻ ተናገሩ። ማስላቱ በኋላ ይደርሳል።

ፈተና ላይ መደምደሚያችሁን በጥያቄው ቃላት ጻፉ። ናል ሃይፖቴሲስ ማለት "ልዩነት የለም" የሚለው መነሻ ግምት ነው፤ "ናሉ ይጣላል" ብቻ ብሎ መተው ግማሽ መልስ ነው፤ ማን ከማን በምን በለጠ? ፒ-ቫልዩው ትልቅ ከሆነ ደግሞ "ናል ሃይፖቴሲሱ እውነት ነው" አትበሉ። "ለመጣል በቂ ማስረጃ አላገኘንም" በሉ።

ከማስረከባችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ተዉና መልሶቹን ብቻ ተመልከቱ። ቫሪያንስ ኔጋቲቭ፣ ፕሮባቢሊቲ ከ1 በላይ፣ ኮሪሌሽን 1.3፣ ከትልቁ ቁጥር የበለጠ ሚን፣ እነዚህ ሊሆኑ አይችሉም። አንዱን ካገኛችሁና ለማረም ጊዜ ካለቀባችሁ፣ አጠገቡ "ይሄ ሊሆን እንደማይችል አውቃለሁ፣ ስህተቱ የት ጋ እንደሆነ አላገኘሁም" ብላችሁ ጻፉ። ለእሷ ነጥብ የሚሰጥ መምህር አለ።